ሚዛኑና መርፌው፦ የኢንሱሊን አለካክ ታሪክና የሽሮ ሜዳ እንጀራ

ሽሮ ሜዳ በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ የሚገኝ የታወቀ የሸማ ገበያ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች በዚያ አካባቢ ሠፍረው ለብዙ ዘመን ነጠላና ጋቢ፣ ኩታና ቀሚስ ሲሸምኑ ኖረዋል። በዚህ ሙያ የጥንቱ መለኪያ ክንድ ነበር። ክንድ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት እንደመሆኑ መጠን ከለኪው ሰው አካል ጋር ይረዝማል፤ ያጥራልም። ጨርቅ ሊገዛ የሄደ ሰው ክንደ ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ቢገኝ የሚፈርድበት የለም። የክንድ ልዩነት የሚያስከትለው ጉዳት ቢበዛ የአንድ ጋቢ ጠርዝ ማጠር ነውና።

በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ቤት ውስጥ ግን የመለኪያ መለያየት ከጋቢ ጠርዝ የከበደ ነገር የሚያስከትልበት ጉዳይ አለ። ይኸውም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በየዕለቱ የሚወስደው የኢንሱሊን መጠን ነው። ይህ መጠን በሁለት ልኬቶች ላይ የቆመ ነው፤ አንደኛው በመርፌ የሚገባው መድኃኒት፣ ሁለተኛው በአፍ የሚገባው ምግብ ነው። ያለፈው መቶ ዓመት ታሪክ ሲመረመር፣ የመጀመሪያው ልኬት ብዙ ስሕተትና ብዙ እርማት አልፎ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወስኖ ኢትዮጵያ ገብቷል። ሁለተኛው ግን ለኢትዮጵያዊው ሕመምተኛ ዛሬም ምጣድ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው የሁለቱ ልኬቶች ታሪክና ሁለተኛው ለመሐንዲሱ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘባል።

ሚዛኑ ከመርፌው ቀደመ

ኢንሱሊን ከመገኘቱ አስቀድሞ የስኳር ሕመም ሐኪም ዋና መሣሪያ የወጥ ቤት ሚዛን ነበር። በአሜሪካ ፍሬድሪክ አለንና ኤሊየት ጆስሊን የተባሉ ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸው የሚበሉትን እያንዳንዱን ምግብ በግራም ያስመዝኑ ነበር። ምክንያቱም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ካቆመ፣ ከምግብ የሚገኘው ካርቦሃይድሬት ወደ ሕዋሳት መግባት ተስኖት በደም ውስጥ ይከማቻል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው ምግቡን መቀነስ ብቻ ነበር። በዚህ የረኃብ ሕክምና ሕይወት ለጥቂት ወራት ወይም ዓመታት ይራዘማል እንጂ አይድንም። ሚዛኑ ትክክል ነበር፤ የጎደለው በሌላው ወገን የሚቀመጠው ነገር ነበር።

ያ የጎደለው በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተገኘ። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት፣ በጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ ሆነው ከውሻ ቆሽት ያወጡት ፈሳሽ የደም ስኳርን እንደሚያወርድ አሳዩ። ጥር 11 ቀን 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ያልጠራ ስለነበር እምብዛም አልጠቀመውም። ጄምስ ኮሊፕ የተባሉት የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ፈሳሹን ካጣሩት በኋላ በዚያው ወር በ23ኛው ቀን የተሰጠው ግን ልጁን ከሞት አፋፍ መለሰው። በሚቀጥለው ዓመት ባንቲንግና ማክላውድ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ወዲያው አዲስ ጥያቄ ተነሣ። ከእንስሳት ቆሽት የሚወጣው መድኃኒት እንደየዝግጅቱ ኃይሉ ይለያያል። ስለዚህ በክብደት ሳይሆን በሥራው መለካት ነበረበት። የመጀመሪያው ዩኒት የተተረጎመው በጥንቸል ነው፤ ይኸውም ለ24 ሰዓት ምግብ የተከለከለች 2 ኪሎ ግራም የምትመዝን ጥንቸል የደም ስኳሯ ወርዶ እስክትንዘፈዘፍ ድረስ የሚያስፈልገው መጠን ነበር። ይህ መጠን ለሰው የሚበዛ ሆኖ ስለተገኘ ኋላ ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ ተደረገ። በ1925 በመንግሥታት ማኅበር ሥር ዓለም አቀፍ መመዘኛ ተወሰነና አንድ ዩኒት የመመዘኛው ዱቄት አንድ ስምንተኛ ሚሊግራም ሆነ። ከዚያ ወዲህ በኮፐንሃገን ተሠራ በኢንዲያናፖሊስ፣ ዩኒቱ አንድ ነው።

መርፌውም ተሳስቶ ታረመ

የመድኃኒቱ ዩኒት አንድ መሆኑ ግን የመርፌው ጭረት አንድ መሆኑን አላረጋገጠም። ኢንሱሊን ለብዙ ዘመን በተለያየ ጥንካሬ ይሸጥ ነበር፤ በአንድ ሚሊሊትር 20፣ 40 ወይም 80 ዩኒት የያዙ ብልቃጦች በአንድ መደርደሪያ ላይ ይገኙ ነበር። በእንግሊዝ አገር በሰፊው ይሠራበት የነበረው መርፌ ደግሞ አንዱ ሚሊሊትር በ20 ጭረቶች የተከፈለ ነበር። ስለዚህ አንድ ጭረት በ20ው ብልቃጥ 1 ዩኒት፣ በ40ው 2 ዩኒት፣ በ80ው 4 ዩኒት ይሆናል። ሐኪሙ በዩኒት ያዛል፤ ሕመምተኛው በጭረት ይቀዳል። በሁለቱ ቃላት መካከል በነበረው ክፍተት ብዙ ሰዎች ራሳቸውን ስተዋል፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ።

መፍትሔው የመጣው ከመሣሪያ አሠራር እንጂ ከአዲስ መድኃኒት አይደለም። በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ በ1983 በእንግሊዝ አንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት እንዲይዝ ተደንግጎ፣ ከዚሁ ጋር የሚስማማ፣ ጭረቱም በቀጥታ ዩኒት የሆነ መርፌ ወጣ። በ1985 ደግሞ በዴንማርክ እንደ ብዕር የተሠራ መርፌ ለገበያ ቀረበ። በዚህ ሕመምተኛው ጭረት አይቆጥርም። ለመሐንዲስ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የሰው ስሕተት የሚቀንሰው ሰውን በመምከር ብቻ ሳይሆን ስሕተቱ የሚገባበትን በር በመዝጋት ነው።

የመድኃኒቱ የአሠራር ጊዜም በዚያው ዘመን ተለውጧል። የመጀመሪያው ኢንሱሊን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ኃይሉ ስለሚያልቅ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መወጋትን ይጠይቅ ነበር። በ1936 በዴንማርክ ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን ፕሮታሚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር አዋሕደው የሚዘገይ ኢንሱሊን ሠሩ። ከዚያ ቤተ ሙከራ በ1946 የወጣውና ኤን.ፒ.ኤች. የሚባለው ደመናማ ኢንሱሊን ዛሬም በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ከሚታወቁት ዓይነቶች አንዱ ነው። የዚህ ዓይነቱ መድኃኒት ጥቅሙ የመርፌውን ቁጥር መቀነሱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አንዴ ከተወጋ በኋላ በራሱ ሰዓት መሥራቱ ነው። መድኃኒቱ ሰዓቱን ጠብቆ ሲመጣ ምግቡ ካልጠበቀው፣ የደም ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል።

ምግብ ለመድኃኒት ወይስ መድኃኒት ለምግብ

በዚህ ምክንያት ሐኪሞች በሁለት ወገን ተከፈሉ። የአንደኛው ወገን ሐሳብ የኢንሱሊኑ መጠን ተወስኖ ምግቡ ከእርሱ ጋር ይስተካከል የሚል ነው። በ1950 በአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር፣ የአመጋገብ ባለሙያዎች ማኅበርና የሕዝብ ጤና አገልግሎት በጋራ ያወጡት የምግብ መለዋወጫ ዝርዝር የዚህ ሐሳብ ዋና ፍሬ ነው። አንድ ቁራጭ ዳቦ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ በእርሱ ፈንታ ይህን ያህል ድንች ወይም ይህን ያህል ሩዝ መብላት ይቻላል፤ ሕመምተኛው ለቁርሱ ሁለት፣ ለምሳው ሦስት ቁራጭ ተፈቅዶለታል፤ ዝርዝሩ ይህን ይመስላል።

የሁለተኛው ወገን ሐሳብ የተገላቢጦሽ ነው። በ1930ዎቹ ገደማ በብሬስላው ከተማ ካርል ሽቶልተ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም፣ ልጆች እንደማንኛውም ልጅ ይብሉ፤ ኢንሱሊኑ ግን ለምግቡ ይመጠን ብለው አስተማሩ። ሐሳባቸው በዘመኑ ተቀባይነት አላገኘም። ለዚህም አንዱ ምክንያት የመለኪያ ማነስ ነበር። የደም ስኳርን በቤት መለካት በማይቻልበት ጊዜ ለምግብ መድኃኒት መመጠን በጨለማ እንደ መወርወር ነው።

በዚያን ዘመን ሕመምተኛው በእጁ የነበረው መለኪያ የሽንት ምርመራ ብቻ ነበር። በስታንሊ ቤኔዲክት ስም የሚጠራው ሰማያዊ ፈሳሽ ከሽንት ጋር ሲፈላ፣ ስኳር ከሌለ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ እንደ ስኳሩ ብዛትም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ በመጨረሻም የጡብ ቀለም ይሆናል። ነገር ግን ስኳር በሽንት የሚታየው በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ካለፈ በኋላ ነው፤ ማነሱንም ከቶ አያሳይም። ይህም የጎርፍን መጠን የሚለካ፣ የምንጭን መድረቅ ግን የማያሳይ መሣሪያ ማለት ነው።

የደም መለኪያው በ1960ዎቹ አጋማሽ በቀለም በሚለወጥ ወረቀት ተጀምሮ በ1970 ገደማ ብርሃንን በማንፀባረቅ ቀለሙን የሚያነብ መሣሪያ ተሠራለት። ክብደቱ አንድ ኪሎ ያህል ሲሆን የሚሸጠው ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች ብቻ ነበር። እዚህ ላይ የአንድ መሐንዲስ ሥራ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሪቻርድ በርንስታይን ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ የስኳር ሕመም የነበረባቸው አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበሩ። መሣሪያውን ሐኪም በነበሩት ባለቤታቸው ስም ገዝተው ደማቸውን በቀን ብዙ ጊዜ እየለኩ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ስኳራቸውን ምን ያህል እንደሚያወጣና አንድ ዩኒት ኢንሱሊን ምን ያህል እንደሚያወርድ ከራሳቸው አካል ላይ መዘገቡ። ያገኙትን ለማሳተም ቢሞክሩ የሐኪም ማዕረግ ስላልነበራቸው የሕክምና መጽሔቶች አልተቀበሏቸውም። ስለዚህ በአርባዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1983 ተመረቁ። ሕመምተኛ በቤቱ ደሙን ይለካ የሚለው ሐሳብ ተቀባይነት እንዲያገኝ ከደከሙት ሰዎች መካከል እኚህ መሐንዲስ አንዱ ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሁለተኛው ወገን ሐሳብ ተነሣ። በምዕራብ ጀርመን በዱሰልዶርፍ ሚካኤል በርገርና ኢንግሪድ ሙልሃውዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ሕመምተኞች ካርቦሃይድሬት ቆጥረው ኢንሱሊናቸውን ራሳቸው እንዲመጥኑ የሚያስተምር ኮርስ አዘጋጁ። ይኸው ኮርስ በእንግሊዝ ተፈትኖ ውጤቱ በ2002 ታተመ። ከዚያ በፊት በ1993 የወጣው 1,441 ሰዎች የተሳተፉበት ታላቅ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድልን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። ያው ጥናት ግን የስኳር ብርቱ መውረድ በጥብቅ በሚቆጣጠሩት ዘንድ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑንም ገልጿል። ግቡ ሲጠብ የመለኪያ ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ይንራል ማለት ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስሌቱ በኢንሱሊን ፓምፖች ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎም በእጅ ስልክ ላይ ተጫነ። በ2015 በአንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ምርመራ 46 የስልክ ማስሊያዎችን ፈትሾ፣ 67 በመቶ የሚሆኑት የተሳሳተ መጠን የመስጠት አደጋ እንዳለባቸው አገኘ። ምንም እንከን ያልተገኘበት አንድ ብቻ ነበር። ብዙዎቹ ባዶ ወይም የማይሆን ቁጥር ሲገባላቸው እንኳ መልስ ይሰጡ ነበር። ይህ የሒሳብ እጥረት አይደለም፤ ቀመሩ ከአራቱ መደብ ስሌቶች አያልፍም። እጥረቱ የገባውን ቁጥር ሳይጠይቁ መቀበል ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ

በኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ጥናት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች መልክ ያዘ። ኤፍ. ቲ. ሌስተር የተባሉ ሐኪም በኢትዮጵያውያን ላይ የሚታየውን የሕመሙን ገጽታ የሚገልጽ ጽሑፍ በ1984 በአንድ የአሜሪካ የስኳር ሕመም መጽሔት አሳተሙ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር ተቋቋመ። በ1990ዎቹ ደግሞ በጎንደር ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ ከእንግሊዛዊው ፒተር ዋትኪንስና ከሌሎች ጋር ሆነው፣ የገጠር ሕመምተኛ ሕክምና ለማግኘት የሚያጋጥመውን መሰናክል አጥንተው በ1998 አሳተሙ። ከዚህ ጎዳና የተወለደው አሠራር ሕክምናው ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከሐኪም ወደ ሠለጠነ ነርስ እንዲወርድ ያደረገ ነው።

በሌላ ወገን የምግቡ ልኬት የራሱን መንገድ ሲጓዝ ቆይቷል። በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር በአዲስ አበባ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቁሞ ነበር። ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የዚህ ትብብር ፍሬ መሆኑ ይታወሳል። በዚሁ ክፍል ጉናር ኦግረንና ሮዛሊንድ ጊብሰን የኢትዮጵያን ምግቦች መርምረው በ1968 የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ አወጡ። ጤፍና ገብስ፣ ሽምብራና ባቄላ፣ ቆጮና ቡላ፣ እንጀራና ወጥ በቤተ ሙከራ ተፈትነው ውሃቸው፣ ፕሮቲናቸው፣ ስባቸውና ካርቦሃይድሬታቸው በቁጥር ተቀመጠ። ተከታይ ክፍሎቹም በ1990ዎቹ መጨረሻ ታተሙ። ሥራውን የወረሰው በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተብሎ በዚያው ሽሮ ሜዳ በሚገኝበት ክፍለ ከተማ፣ በጉለሌ ይገኛል።

እንግዲህ ሠንጠረዡ አለ፤ ከሽሮ ሜዳም ሩቅ አይደለም። ነገር ግን የተዘጋጀው ከረኃብና ከምግብ እጥረት ጋር ለመታገል እንጂ ለስኳር ሕመም አልነበረም። ቁጥሮቹም በ100 ግራም የተቀመጡ ናቸው። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ የምታቀርበው ግን 100 ግራም አይደለም፤ እንጀራ ነው።

አንድ እንጀራ ስንት ነው?

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የሚከተለው ስሌት ለማስረዳት የቀረበ ነው፤ የማንም ሰው መጠን በሐኪሙ ብቻ የሚወሰን መሆኑ አይዘነጋም። በቀን በድምሩ 45 ዩኒት የሚወስድ ሸማኔ ይታሰብ። ለአጭር ጊዜ ኢንሱሊን ሐኪሞች በሚጠቀሙበት የመነሻ ቀመር 450 ለ45 ሲካፈል 10 ይሆናል፤ ማለትም 1 ዩኒት 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሸከማል። 1,500 ለ45 ሲካፈል ደግሞ 33 ገደማ ይሆናል፤ ማለትም 1 ዩኒት የደም ስኳርን በዴሲሊትር 33 ሚሊግራም ያህል ያወርዳል።

ይህ ሰው የሚበላው እንጀራ 60 ሳንቲ ሜትር በሚሰፋ ምጣድ የተጋገረ፣ 140 ግራም ገደማ የጤፍ ዱቄት የገባበት ይሁን። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት 70 ግራም ገደማው ካርቦሃይድሬት ስለሆነ፣ ሊጡ ሲቦካ የሚጠፋው ጥቂት ሳይቆጠር፣ በእንጀራው ውስጥ 100 ግራም ያህል ይገኛል። ስለዚህ 10 ዩኒት ያስፈልገዋል። በማግስቱ እንጀራው ከሌላ ቤት ተገዝቶ የምጣዱ ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆንስ? ስፋቱ በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን የክብ ይዞታ በራዲየሱ ካሬ ስለሚሄድ፣ ውፍረቱ እኩል ከሆነ እንጀራው በ31 በመቶ ያንሳል፤ ካርቦሃይድሬቱም 69 ግራም ይሆናል። ሸማኔው እንደ ትናንቱ 10 ዩኒት ከተወጋ 3 ዩኒት ትርፍ ወስዷል። ሦስት ጊዜ 33 መቶ ያህል ነው። ከምሳ በኋላ 120 ይሆናል ተብሎ የታሰበው የደም ስኳር በስሌቱ 20 ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ከ70 በታች አሳሳቢ፣ ከ54 በታች ብርቱ አደጋ ነው። ሰውነት በራሱ መከላከያ ጥቂት ቢመልሰውም፣ በመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ሰው ላብ ያጠምቀዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መወርወሪያውን መያዝ ያቅተዋል። የተከሰተው የመድኃኒት ስሕተት አይደለም፤ የመርፌም አይደለም። «አንድ እንጀራ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ነበረው፤ ልክ «አንድ ጭረት» እንደነበረው ሁሉ።

የሚለዋወጠው ስፋቱ ብቻ አይደለም። የጤፍ ዋጋ ሲንር የሚሸጥ እንጀራ ይሳሳል፤ ወይም ሌላ እህል ይቀላቀልበታል። ስለዚህ የገበያ ዋጋ ሳይታወቅ የመድኃኒት መጠንን ያናጋል። በሚዛን ልመዝነው ቢባል እንኳ እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ስለሆነ፣ ባደረ ቁጥር ይቀላል እንጂ ካርቦሃይድሬቱ አይቀንስም። በፀሐይ የደረቀ ድርቆሽ በክብደት ከትኩስ እንጀራ ጋር ሲነጻጸር ከሁለት እጥፍ በላይ ካርቦሃይድሬት ይይዛል። እንጀራውን በትክክል የቆጠረ ሰውም ወጡን ሊረሳ ይችላል። ሰፈሩ ስሙን የተጋራው ሽሮ ከሽምብራ ወይም ከአተር የሚዘጋጅ ሲሆን ከዱቄቱ ከግማሽ በላዩ ካርቦሃይድሬት ነው። ከጋሞ ደጋ የመጣው ቤተሰብ የሚወደው ቆጮና ቡላም ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ከሰዓት በኋላ በኪስ የሚያዘው ቆሎም ካርቦሃይድሬት አለው።

ከዚህ ላይ የአመጋገቡ ሥርዓት ይታከልበታል። በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚበላ ቤተሰብ ማን ስንት እንደበላ አይቆጥርም፤ መቁጠርም እንደ ነውር ይታያል። ጉርሻ በፍቅር ሲመጣ ግራሙ አይጠየቅም። በዓመት ለምእመናን ከ180 ቀን የማያንስ ጾም ደግሞ የመጀመሪያውን ምግብ ወደ ቀን ስድስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይገፋዋል። ጠዋት የተወጋው ደመናማ ኢንሱሊን ግን ቅዳሴ እስኪወጣ አይጠብቅም። በረመዳንም ያው ጥያቄ በሌላ ሰዓት ይነሣል። በእንጦጦ ዳገት እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴትና ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሸምን ሰው ደግሞ ለአንድ ዓይነት እንጀራ አንድ ዓይነት ኢንሱሊን አያስፈልጋቸውም።

የሰፈሩ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በመስተዋት መርፌ ዘመን በቤት እየቀቀሉ ለሚጠቀሙ ሰዎች፣ ለባሕር ወለል የተጻፈው የመቀቀያ ጊዜ ለዚህ ሰፈር አይበቃም ነበር ማለት ነው። የደም ስኳር መለኪያዎችም ቢሆኑ፣ በግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚሠሩት የኦክሲጅን ማነስ ንባባቸውን ሊያዛባ ስለሚችል፣ በመመሪያቸው ላይ የከፍታ ወሰን ይጻፍባቸዋል። ይህን ገጽ ሳያነቡ መሣሪያ መግዛት ተገቢ አይደለም። በአንጻሩ የሰፈሩ ቅዝቃዜ ለመድኃኒቱ ይመቻል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ውሃ በሚያስመነጭ የሸክላ ዕቃ መካከል የተቀመጠ ብልቃጥ፣ በትነት ኃይል ከክፍሉ ሙቀት በታች ይቆያል።

ለመሐንዲሱ የቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ድምዳሜ አንድ ነው። በውጭ አገር የተሠራ ማስሊያ ለቁራጭ ዳቦ የታመነ ሊሆን ይችላል፤ ለእንጀራ ግን የሚገባው ቁጥር እስካልተለካ ድረስ የሚወጣው ቁጥር እምነት አይጣልበትም። ስሌቱ እስከ አንድ አሥረኛ ዩኒት ቢያሳይም ግብዓቱ በ30 በመቶ የሚዋልል ከሆነ፣ የነጥቧ ቁጥር ማታለያ ናት። ስለዚህ በቅድሚያ የሚያስፈልገው የስልክ ፕሮግራም ሳይሆን መመዘኛ ነው።

መመዘኛው ደግሞ ለማግኘት የሚያስቸግር አይደለም። እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ክብደቱ ከውሃው ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ትክክለኛው የመለኪያ ቦታ ከምጣዱ በፊት፣ ሊጡ የሚቀዳበት ጣሳ ነው። ወደ ቡኮው የገባው ዱቄት በአንድ ጊዜ ተመዝኖ በወጡት እንጀራዎች ቁጥር ቢካፈል፣ አብሲቱም ሆነ ውሃው ምንም ያህል ቢሆን፣ የአንዱ እንጀራ ዱቄት ይታወቃል። ያ ቁጥር ከታወቀ በኋላ እንጀራን በአራት ማጠፍ በየቤቱ የሚታወቅ፣ ሚዛን የማይሻ፣ ስሕተቱም ትንሽ የሆነ ክፍፍል ነው። ሩብ እንጀራ ለኢትዮጵያዊው ሕመምተኛ ከቁራጭ ዳቦ የተሻለ የመቁጠሪያ አሐድ ሊሆን ይችላል፤ የእርሱን ሩብ ብቻ በተለየ ሳሕን ማቅረብም ከገበታው አይለየውም። እንጀራ የሚጋግሩ ድርጅቶች የዱቄቱን መጠን በማሸጊያው ላይ እንዲጽፉ የሚጠይቅ ደረጃ ቢወጣ ደግሞ ድካሙ ሁሉ ይቀላል።

መሣሪያውም ውድ መሆን የለበትም። ስላይድ ሩል በእጁ ይዞ ያደገው የቀድሞው መሐንዲስ እንደሚያስታውሰው፣ ሁለት በአንድ ማዕከል የሚዞሩ የወረቀት ክቦች ማባዛትንና ማካፈልን ያለ ባትሪ ይፈጽማሉ። በአንዱ ክብ ላይ የሩብ እንጀራ ቁጥር፣ በሌላው ላይ ሐኪሙ ለሕመምተኛው የወሰነው ጥመርታ ቢታተም፣ መስኮቱ ዩኒቱን ያሳያል። ከሚገባው በላይ ያለው መጠን በመስኮቱ እንዳይታይ ተደርጎ ሊቆረጥም ይችላል። ፊደል ላልቆጠረም በሥዕል ሊሠራ ይቻላል። እርግጥ ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ የተወሰነ መጠን ለሚወስደው ብዙው ሕመምተኛ የሚያገለግለው በሌላ አቅጣጫ ነው፤ መጠኑ ተወስኖ ሳለ ምን ያህል ሩብ፣ በስንት ሰዓት መብላት እንዳለበት ይነግረዋል። ጥመርታውን መወሰን የሐኪሙ፣ የምግቡን ይዘት መመርመር የሥነ ምግብ ባለሙያው ሥራ ነው። ጣሳው፣ ምጣዱ፣ ክቡ ወረቀትና የስሕተቱ ወሰን ግን የመሐንዲሱ ናቸው።

በሽሮ ሜዳ ገበያ ክንድ ለሜትር ቦታውን ሲለቅ ሸማኔው ጥበቡን አልለወጠም፤ ጥለቱም ያው ነው። የተለወጠው ገዢና ሻጭ የሚስማሙበት መለኪያ ብቻ ነው። ከዚያው ምጣድ፣ ከዚያው ቡኮ የሚወጣው እንጀራም ጣዕሙ ሳይለወጥ ቁጥሩ ሊታወቅ ይችላል። ጥንቸሏ ለዩኒቱ ከተመዘነች መቶ ዓመት አልፏል፤ እንጀራውን የመመዘኑ ተራ የደረሰው ለዚህ ማኅበር አባላትና ለሙያ አጋሮቻቸው ነው።